በአቅራቢዎች መካከል የሚጠፋ ትራፊክ፦ ስለ ኢንተርኔት መንገድ ምርጫና ብልሽት ፍለጋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው የራሳቸው ኤኤስ ቁጥር (በኢንተርኔት ላይ ራሱን የቻለ ኔትወርክን የሚለይ ቁጥር) እና የራሳቸው የአይፒ አድራሻ ኖሯቸው ከአንድ በላይ ከሆኑ የኢንተርኔት አገልግሎት አቅራቢዎች ጋር በቢጂፒ (ኔትወርኮች የአድራሻ መንገድ በሚለዋወጡበት ስልት) ለሚገናኙ ባንኮች፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የመረጃ ማዕከሎችና አነስተኛ አገልግሎት ሰጪዎች የኔትወርክ ባለሙያዎች ነው። የሚቀርቡት ጥያቄዎች መልካቸው ቢለያይም የብዙዎቹ መነሻ አንድ ነው፤ ጠያቂው የመረመረው ከራሱ ኔትወርክ የሚወጣውን መንገድ ሲሆን ብልሽቱ ያለው ግን በመመለሻው መንገድ ላይ ነው። በምሳሌዎቹ ውስጥ የገቡት አድራሻዎችና ኤኤስ ቁጥሮች ለማስተማሪያ ተብለው የተለዩ ስለሆኑ የማንም አይደሉም።

መስመራችን አልተቋረጠም፣ ሌላው ሁሉ ይሠራል፤ አንድ አገልግሎት ብቻ የማይከፈተው ለምንድን ነው?

ከአገልግሎት አቅራቢው ጋር ያለው መስመር መሥራቱ የሚያረጋግጠው የመጀመሪያውን እርምጃ ብቻ ነው። ኢንተርኔት ከአንድ ማዕከል የሚመራ አይደለም፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ፖሊሲ ያላቸው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኔትወርኮች በቢጂፒ አማካይነት «ይህ አድራሻ በእኔ በኩል ይገኛል» እየተባባሉ የሚያቆሙት ትስስር ነው። አንዱ ኔትወርክ ለጎረቤቱ ያስታውቃል፣ ጎረቤቱ አጣርቶ ወይም እንዳለ አምኖ ለቀጣዩ ያስተላልፋል። በመሐል ካሉት አንዱ ማስታወቂያውን ካልተቀበለ ወይም ካላስተላለፈ፣ የእናንተ መስመር ምንም ሳይሆን ያ አንድ መድረሻ ይጠፋል።

ወደ ራውቲንግ ከመግባታችሁ በፊት ግን ሁለት ነገሮችን አረጋግጡ። አንደኛው የዲኤንኤስ ጉዳይ ነው፤ ስሙ ወደ ትክክለኛ አድራሻ መተርጎሙን እዩ። ሁለተኛው አገልግሎቱ ራሱ ለዓለም ሁሉ ጠፍቶ እንደሆነ ማየት ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ኢንስታግራም ለስድስት ሰዓት ያህል ሲጠፉ፣ የድርጅቱ የዲኤንኤስ አገልጋዮች የሚገኙባቸው አድራሻዎች ማስታወቂያ ከቢጂፒ ተነሥቶ ስለነበር ከየትኛውም አገር የትኛውም አቅራቢ ሊረዳ አይችልም ነበር።

እነዚህ ሁለቱ ደህና ከሆኑ፣ ያንኑ መድረሻ በአንደኛው አቅራቢ ብቻ፣ ከዚያም በሁለተኛው ብቻ ሞክሩት። በአንዱ ከሠራና በሌላው ካልሠራ፣ ጉዳዩ በእርግጥ በአቅራቢዎች መካከል ያለ የመንገድ ችግር ነው። በሁለቱም ካልሠራ ደግሞ መድረሻው ወደ እናንተ የሚመለስበት መንገድ ያለው መሆኑን ተጠራጠሩ። አዲስ የተሰጠ የአድራሻ ክፍል የያዙ ድርጅቶች ይህ በተለይ ያጋጥማቸዋል፤ በሩቅ አገር ያለ አንድ ፋየርዎል ያንን አድራሻ ገና እንዳልተመደበ ቆጥሮ ሊጥለው ይችላል።

በትሬስራውት (ፓኬት የሚያልፍባቸውን ራውተሮች በየተራ በሚያሳየው መሣሪያ) ላይ አንድ ራውተር ኮከብ (መልስ አልመጣም የሚል ምልክት) ወይም ከፍተኛ መዘግየት ቢያሳይ ብልሽቱ እዚያ ነው ማለት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም፤ ከአቅራቢዎች ጋር ለሚደረጉ ፍሬ ቢስ ክርክሮች ዋናው ምክንያት ይኸው ንባብ ነው። ራውተር የሚያልፈውን ፓኬት የሚያስተላልፈው ለዚሁ በተሠራ ፈጣን ሃርድዌር ሲሆን፣ ለትሬስራውት መልስ የሚሰጠው ግን ሌላ ሥራ በበዛበት ፕሮሰሰሩ ነው፤ በዚህም ላይ ብዙ ድርጅቶች በሰከንድ የሚሰጠውን መልስ ብዛት ሆን ብለው ይገድባሉ። ስለዚህ በስድስተኛው ራውተር ላይ 40 በመቶ መጥፋት ታይቶ ከሰባተኛው ጀምሮ እስከ መድረሻው ዜሮ ከሆነ፣ ስድስተኛው መልስ መስጠት ሰነፈ እንጂ ትራፊካችሁን አልጣለም። መጥፋቱ ወይም መዘግየቱ ከአንድ ቦታ ጀምሮ እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ ሲዘልቅ ብቻ ነው የሚያሳስበው።

ቢዘልቅም እንኳ ጥርጣሬው ገና አላለቀም። በእያንዳንዱ መስመር ላይ የሚታየው ቁጥር የደርሶ መልስ ጊዜ ነው፤ ትሬስራውት የሚያሳየው ደግሞ የመሄጃውን መንገድ ብቻ ነው። መልሱ ከስድስተኛው ራውተር በአንድ መንገድ፣ ከሰባተኛው በፍጹም ሌላ መንገድ ሊመለስ ይችላል። በሰባተኛው ላይ መዘግየቱ በድንገት ከ30 ወደ 180 ሚሊሰከንድ ቢዘል፣ በስድስተኛውና በሰባተኛው መካከል ያለው መስመር ተጨናንቆ ሊሆን ይችላል፤ ሰባተኛው ያለበት ኔትወርክ ለእናንተ አድራሻ የመረጠው መመለሻ ሩቅ ስለሆነም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን መለየት የሚቻለው ከወዲያኛው ወገን ወደ እናንተ የተላከ ትሬስራውት ሲገኝ ብቻ ነው።

ሦስት ተጨማሪ ጥንቃቄዎች አሉ። ፓኬትን በመለያ ምልክት የሚያስተላልፉ የኤምፒኤልኤስ ኔትወርኮች በውስጣቸው ያሉትን ራውተሮች ሊደብቁ ስለሚችሉ፣ ሁለት ተከታታይ መስመሮች በመካከላቸው ሺህ ኪሎ ሜትር ሊኖር ይችላል። ጎን ለጎን የሚሄዱ ብዙ መስመሮች ባሉበት ኔትወርክ ውስጥ ደግሞ ተራው ትሬስራውት ፓኬቶቹን በተለያዩ መስመሮች እየበተነ በእውን የሌለ መንገድ ሊሥል ይችላል፤ ፓሪስ ትሬስራውት የተሠራው ይህንን ለማስቀረት ነው። ራውተሮቹ የሚያወጡት ስም ውስጥ ያለው የከተማ ምህጻረ ቃልም ጠቃሚ ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ መሣሪያው ከፍራንክፈርት ወደ ማርሴይ ተዛውሮ ስሙ ሳይቀየር ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ከስም ይልቅ ፊዚክስን እመኑ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በአንድ ሚሊሰከንድ የሚጓዘው 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዲስ አበባና ናይሮቢ በቀጥታ መስመር ከ1,100 ኪሎ ሜትር በጥቂት በሚበልጥ ርቀት ስለሚራራቁ፣ የደርሶ መልሱ ጊዜ ከ12 ሚሊሰከንድ አካባቢ ሊያንስ አይችልም፤ ገመዱ እንደ መልክዓ ምድሩ ስለሚጠማዘዝ ሁለትና ሦስት እጥፍ ቢሆን አያስገርምም። 200 ሚሊሰከንድ ከሆነ ግን ፓኬቱ ቢያንስ በአንዱ አቅጣጫ ሌላ አህጉር ደርሶ እንደሚመጣ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ወደ አቅራቢው ከመደወላችን በፊት ምን እንሰብስብ?

የመነሻውንና የመድረሻውን ትክክለኛ አይፒ አድራሻ (ከናት፣ ማለትም የውስጥ አድራሻ ወደ ውጭ አድራሻ ከሚቀየርበት፣ በኋላ የሚታየውን እንጂ የውስጡን አይደለም)፣ የሁለቱንም አቅጣጫ ትሬስራውት፣ ችግሩ የጀመረበትን ሰዓት፣ እንዲሁም ችግር የሌለበትን አንድ ተመሳሳይ መድረሻ ለማነጻጸሪያ አቅርቡ። «ኢንተርኔት ቀርፏል» የሚል ቅሬታ የሚሄደው ወደ መጀመሪያው ረድፍ ድጋፍ ሰጪ ነው፤ «ከ203.0.113.10 ወደ 198.51.100.20 የሚሄደው ትራፊክ በእናንተ በኩል 8 በመቶ ይጠፋል፣ በሌላው አቅራቢ በኩል አይጠፋም፣ የሁለቱም ውጤት ተያይዟል» የሚለው ግን በቀጥታ ወደ ባለሙያ የመድረስ ዕድል አለው።

ስለ ሰዓቱ አንድ ማሳሰቢያ አለን። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሆነውን ነገር ለውጭ አገር የኔትወርክ መቆጣጠሪያ ማዕከል «3 ሰዓት» ብሎ መጻፍ፣ ባለሙያው የተሳሳተ ሰዓት መዝገብ ሲያገላብጥ እንዲውል ማድረግ ነው። ያ ሰዓት በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) 06:00 ነውና እንዲሁ ጻፉት፤ ቀኑንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ አትተዉት፤ የራውተሮቻችሁንም ሰዓት በኤንቲፒ አስተካክሉ።

የወዲያኛውን ወገን መንገድ ለማየት የምታውቁት ሰው እዚያ መኖር የለበትም። ብዙ አቅራቢዎች ሉኪንግ ግላስ የሚባል ገጽ ስላላቸው፣ ከእነሱ ራውተር ወደ እናንተ አድራሻ ትሬስራውት ማስኬድና ለፕሪፊክሳችሁ (በአንድነት ለሚታወቀው የአድራሻ ክፍላችሁ) የመረጡትን መንገድ ማየት ይቻላል። ራውትቪውስና የራይፕ ሪስ መዝገቦች ማስታወቂያዎቻችሁ በተለያዩ የዓለም ክፍሎች እንዴት እንደሚታዩ፣ ከዚህ ቀደምም እንዴት ይታዩ እንደነበር ያሳያሉ። ራይፕ አትላስ ደግሞ በበርካታ አገሮች ከተተከሉ ትናንሽ መሣሪያዎች ልኬት ለማስደረግ ያስችላል። የሚያነጋግሩት ሰው ሲጠፋ ፒሪንግዲቢ በተባለው የኔትወርኮች መዝገብ ላይ የየኔትወርኩ መቆጣጠሪያ ማዕከል አድራሻ ይገኛል።

ከጎረቤት አገር ጋር የምንለዋወጠው ትራፊክ አውሮፓ ደርሶ የሚመለሰው ለምንድን ነው?

ቢጂፒ ኪሎ ሜትር አይቆጥርም። የሚያየው ማን ከማን ጋር እንደተገናኘና የትኛው ግንኙነት በፖሊሲ እንደሚመረጥ ነው። የእናንተ አቅራቢና የጎረቤት አገሩ አቅራቢ በመካከላቸው ቀጥተኛ ፒሪንግ (የሁለት ኔትወርኮች የእርስ በርስ ትራፊክ ልውውጥ) ከሌላቸው፣ ሁለቱም ትራንዚት (ወደ ቀረው ኢንተርኔት በክፍያ የሚያደርስ አገልግሎት) የሚገዙት ለንደን፣ ማርሴይ ወይም ፍራንክፈርት ከሚገኙ ትላልቅ ኔትወርኮች ከሆነ፣ ትራፊኩ የሚገናኘው እዚያ ነው። ሁለቱም በአንድ የልውውጥ ማዕከል ቢገኙም እንኳ አንዱ ፕሪፊክሱን እዚያ ካላስታወቀ ውጤቱ ያው ነው፤ አንዱ ብቻ ካላስታወቀ ደግሞ መሄጃው አጭር፣ መመለሻው ሩቅ ይሆናል።

የኬንያ ተሞክሮ በዚህ ረገድ ሊጠቀስ የሚገባው ነው። ኪክስፒ የሚባለው የናይሮቢ የልውውጥ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ ቢጀምርም በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ተዘግቶ በ2002 ነው እንደገና የተከፈተው። ኢንተርኔት ሶሳይቲ በ2020 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ በ2012 ከኬንያ ትራፊክ 30 በመቶው ያህል ብቻ በአገር ውስጥ ይለዋወጥ የነበረ ሲሆን በ2020 ይህ ድርሻ ወደ 70 በመቶ ደርሷል፤ ለውጡን ያመጣው የልውውጥ ማዕከሉ መኖር ብቻ ሳይሆን ትላልቅ የይዘት አቅራቢዎች አገልጋዮቻቸውን እዚያ መትከላቸውም ጭምር ነው። በእናንተ አቅም ሊደረግ የሚችለው፣ የምትለዋወጡት ትራፊክ ምን ያህል እንደሆነ በኔትፍሎው (ራውተር በሚያወጣው የትራፊክ መዝገብ) ለክታችሁ ለአቅራቢው ማቅረብና በጅቡቲ ወይም በናይሮቢ ቀጥተኛ ፒሪንግ እንዲያደርግ መጠየቅ ነው። በቁጥር ያልተደገፈ ጥያቄ ብዙ ርቀት አይሄድም።

የሚወጣውን ትራፊክ ለሁለቱ አቅራቢዎች እንዴት እናከፋፍል?

ይህኛው ቀላሉ ነው፣ ምክንያቱም ውሳኔው የእናንተ ነው። ራውተራችሁ ለአንድ ፕሪፊክስ ሁለት መንገድ ሲቀርብለት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያወዳድረው ሎካል ፕሪፈረንስን (ኔትወርኩ ለመንገዱ የሚሰጠውን የምርጫ ቁጥር) ነው፤ ከፍ ያለው ያሸንፋል። እኩል ሲሆኑ ብቻ ወደ ኤኤስ ፓዝ ርዝመት (መንገዱ ላይ የተመዘገቡት ኤኤስ ቁጥሮች ብዛት)፣ ከዚያ ወደ ኦሪጂን (ማስታወቂያው የመነጨበት ዘዴ)፣ ከዚያም ወደ ኤምኢዲ (ከአንድ ጎረቤት ጋር ካሉት መገናኛዎች የትኛው እንደሚመረጥ የሚጠቁም ቁጥር) ይወርዳል። ስለዚህ በአንደኛው አቅራቢ እንዲወጡ ለምትፈልጓቸው መድረሻዎች ሎካል ፕሪፈረንሱን 200፣ ለሌላው 100 ማድረግ ይበቃል። ሙሉው የአይፒቪ4 ሰንጠረዥ ከ900,000 በላይ ፕሪፊክሶችን ስለሚይዝ ራውተራችሁ የማይችለው ከሆነ፣ ከአቅራቢዎቹ የራሳቸውንና የደንበኞቻቸውን ፕሪፊክስ ብቻ ተቀብላችሁ ለቀረው ዲፎልት ራውት (በሰንጠረዡ ለሌለ መድረሻ ሁሉ የሚያገለግል መንገድ) መጠቀም ይቻላል።

ዲፎልት ራውት ግን አንድ ወጥመድ አለው። አቅራቢው ከላይ ያለው መስመር ተቆርጦበትም ዲፎልቱን ማስታወቁን ሊቀጥል ይችላል፤ ያኔ የእናንተ ራውተር ሁሉ ሰላም መስሎት ትራፊኩን ወደማይወጣበት ቦታ ይልካል። ዲፎልቱን ከሩቅ ካለ አንድ የታወቀ ፕሪፊክስ መኖር ጋር ማስተሳሰር ከዚህ ያድናል።

ወደ እኛ የሚገባውንስ? ፕሪፔንድ ብናደርግም ትራፊኩ አልተንቀሳቀሰም።

ሁለት በር ያለው ግቢ ባለቤት በየትኛው እንደሚወጣ ራሱ ይወስናል፤ እንግዳው በየትኛው እንደሚመጣ ግን የሚወስነው እንግዳው ነው። ገቢ ትራፊክን የሚመሩት የላኪዎቹና የመካከለኞቹ ኔትወርኮች ውሳኔዎች ስለሆኑ፣ በእጃችሁ ያለው ማግባባት እንጂ ማዘዝ አይደለም። ፕሪፔንድ ማለት የራስን ኤኤስ ቁጥር ደጋግሞ በመጨመር መንገዱን ረጅም ማስመሰል ነው። ነገር ግን ከላይ እንዳየነው የኤኤስ ፓዝ ርዝመት የሚታየው ከሎካል ፕሪፈረንስ በኋላ ነው፤ አቅራቢዎች ደግሞ በተለምዶ ለሚከፍላቸው ደንበኛ መንገድ ከፍተኛውን፣ ለፒር መካከለኛውን፣ ለራሳቸው ትራንዚት ሻጭ ዝቅተኛውን ሎካል ፕሪፈረንስ ይሰጣሉ። እናንተ ኤኤስ 64500 ሆናችሁ ለአቅራቢያችሁ ኤኤስ 64501 አምስት ጊዜ ፕሪፔንድ ብታደርጉ፣ እሱ እናንተን በቀጥታ ደንበኛነት ስለሚያውቃችሁ፣ እሱና በእሱ ብቻ የሚወጡት ደንበኞቹ በዚያው መስመር መላካቸውን ይቀጥላሉ። ፕሪፔንድ የሚሠራው ሁለቱን መንገዶች በእኩል ዓይን በሚያይ ሩቅ ኔትወርክ ላይ ብቻ ነው። አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ተደርጎ ለውጥ ካላመጣ አሥር ጊዜ ቢደረግ አያመጣም፤ እንዲያውም ሌላ ሰው ፕሪፊክሳችሁን በስሕተት ቢያስታውቅ የእሱ አጭር መንገድ በቀላሉ እንዲያሸንፍ ያመቻቻል።

ከዚህ የተሻለው መሣሪያ ኮሚውኒቲ ነው። ብዙ አቅራቢዎች ከማስታወቂያው ጋር ተያይዞ ሲመጣ ሎካል ፕሪፈረንሱን ዝቅ የሚያደርጉበት፣ ለተወሰነ ፒር ብቻ የማያስተላልፉበት ወይም በተወሰነ አህጉር ብቻ ፕሪፔንድ የሚያደርጉበት የቁጥር ምልክት አዘጋጅተዋል። ይህ ውሳኔውን በባለቤቱ ራውተር ላይ ስለሚያስለውጥ፣ ፕሪፔንድ የማይደርስበት ይደርሳል። ዝርዝሩን ከአቅራቢው ጠይቁ፤ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ብትጠይቁ ደግሞ ይመረጣል፣ ምክንያቱም ኮሚውኒቲ የማይቀበል አቅራቢ በዋጋው ርካሽ ቢሆንም በችግር ቀን እጃችሁን ያስራል። ኤምኢዲ በበኩሉ ከአንድ ጎረቤት ጋር በሁለት ቦታ ስትገናኙ ብቻ የሚጠቅም ነው፤ በሁለት የተለያዩ አቅራቢዎች መካከል ምርጫ ለማስደረግ አይሠራም።

ሦስተኛውና ኃይለኛው መንገድ ፕሪፊክስን መሰንጠቅ ነው። ባለ /22 የሆነ ድርጅት አራት /24 ስላሉት (ከ/ በኋላ ያለው ቁጥር ሲበልጥ የአድራሻው ክፍል ይጠባል)፣ /22ቱን በሁለቱም እያስታወቀ ሁለቱን /24 በአንዱ፣ የቀሩትን በሌላው ሊያስታውቅ ይችላል፤ ራውተር ሁልጊዜ የጠበበውን ፕሪፊክስ ስለሚከተል ሎካል ፕሪፈረንስም ሆነ የመንገድ ርዝመት አያግደውም። ከ/24 የጠበበውን በአይፒቪ4፣ ከ/48 የጠበበውን በአይፒቪ6 አብዛኛው ዓለም ይጥለዋል። ሁልጊዜ ግን ሰፊውን ፕሪፊክስ አብራችሁ አስታውቁ፤ አለበለዚያ አንዱ መስመር ሲወድቅ በዚያ ብቻ የታወቀው /24 ከዓለም ይጠፋል። ይህን መንገድ የመጨረሻ አማራጭ ማድረግ የጨዋነትም ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2014 የዓለም ሰንጠረዥ ከ512,000 ፕሪፊክስ ሲያልፍ፣ ማኅደረ ትውስታቸው በዚያ ልክ የተወሰነ የቆዩ ራውተሮች በየቦታው ተንገዳግደዋል፤ ለሰንጠረዡ እብጠት እንዲህ ዓይነቱ ስንጠቃ የራሱ ድርሻ አለው።

ትራፊኩ በአንዱ ወጥቶ በሌላው መመለሱ ጉዳት አለው?

በራሱ የለውም፤ በኢንተርኔት ላይ የተለመደ ነው። ጉዳት የሚሆነው ሁለት የተለያዩ ፋየርዎሎች በሁለቱ መስመሮች ላይ ተቀምጠው አንዱ ያላየውን ግንኙነት ሌላው ሲጥል፣ ወይም የመነሻ አድራሻ ማጣሪያ በጥብቅ ስልት ተከፍቶ በሌላ በኩል የመጣውን ሁሉ ሐሰተኛ ብሎ ሲቆጥር ነው። ፋየርዎሎቹ ስለ ግንኙነቶች መረጃ እንዲለዋወጡ አድርጉ ወይም ከሁለቱ መስመሮች መገናኛ በስተ ውስጥ አስቀምጧቸው፤ የመነሻ ማጣሪያውንም በልል ስልት ተጠቀሙ።

ፒንግ ይመልሳል፣ ቀላል ገጽ ይከፈታል፤ ከባድ ፋይል ግን ጀምሮ ይቆማል።

ይህ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የኤምቲዩ (መስመሩ የሚያሳልፈው ከፍተኛው የፓኬት መጠን) ችግር ነው። በመንገዱ ላይ ዋሻ ወይም ፒፒፒኦኢ (ሁለቱም በፓኬቱ ላይ ተጨማሪ ራስጌ የሚጭኑ ስልቶች ናቸው) ያለበት አንድ መስመር 1,500 ባይት ሙሉውን ማሳለፍ አልቻለም፣ «አሳንሰህ ላክ» የሚለው የአይሲኤምፒ (የኔትወርክ ስሕተት ማሳወቂያ) መልእክት ደግሞ የሆነ ፋየርዎል ላይ ተጥሏል። ለመፈተን እንዳይቆራረጥ የተከለከለ 1,472 ባይት የሚጭን ፒንግ ላኩ፤ ከ28 ባይት ራስጌ ጋር ልክ 1,500 ይሆናል። ካላለፈ እየቀነሳችሁ የሚያልፈውን መጠን ፈልጉ። መፍትሔው በራውተሩ ላይ የቲሲፒ ኤምኤስኤስን (በአንድ ፓኬት የሚጫነውን ከፍተኛ የመረጃ መጠን) መገደብ፣ እንዲሁም «ለደኅንነት» ተብሎ አይሲኤምፒን በሙሉ የመዝጋትን ልማድ መተው ነው። የመንገድ ለውጥ በተደረገ ማግስት ይህ ምልክት ከታየ አዲሱ መንገድ ዋሻ ያለበት ሊሆን ስለሚችል፣ በሌላው አቅራቢ በኩልም ሞክራችሁ አነጻጽሩ።

አድራሻችንን ሌላ ኔትወርክ ቢያስታውቅ ምን ይሆናል? ምንስ እናድርግ?

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2008 ፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን በአገር ውስጥ ለመዝጋት የፈጠረው የ208.65.153.0/24 ማስታወቂያ አምልጦ በሆንግ ኮንጉ ፒሲሲደብሊው በኩል ዓለምን አዳረሰ። ዩቲዩብ ያስታውቅ የነበረው ሰፊውን /22 ስለነበር የጠበበው አሸነፈና ለሁለት ሰዓት ያህል የዩቲዩብ ትራፊክ ፓኪስታን ሄዶ ጠፋ። ዩቲዩብ ያንኑ /24፣ ቀጥሎም ሁለት /25 በማስታወቅ ከፊሉን አስመለሰ፤ ነገሩ ያበቃው ግን ፒሲሲደብሊው ማስታወቂያውን ሲያነሣ ነው። ኖቬምበር 12 ቀን 2018 ደግሞ የናይጄሪያው ሜይንዋን በማጣሪያ ስሕተት ከጉግል በፒሪንግ የተቀበላቸውን ከ200 በላይ ፕሪፊክሶች ለቻይና ቴሌኮም አስተላልፎ፣ ወደ ጉግል የሚሄድ ትራፊክ ከአንድ ሰዓት በላይ በማይገባ መንገድ ተጉዟል።

ሁለቱ ክስተቶች ተመሳሳይ ቢመስሉም መድኃኒታቸው ይለያል። በመጀመሪያው ያስታወቀው ኤኤስ የአድራሻው ባለቤት አይደለም፤ ይህን አርፒኬአይ (የትኛው ኤኤስ የትኛውን አድራሻ ማስታወቅ እንደሚችል የሚያረጋግጥ ሥርዓት) ይይዘዋል። በሁለተኛው ግን የመንገዱ መነሻ አሁንም ጉግል ነው፣ የተሳሳተው መሸጋገሪያው ነው፤ መነሻን ብቻ የሚያረጋግጥ ሥርዓት ይህን አያይም። ስለዚህ ሮአ (በአርፒኬአይ ውስጥ የሚመዘገብ የማስታወቅ ፈቃድ) መፍጠር ግዴታ ነው ብለን የምንመክር ቢሆንም፣ ሮአ አለን ብላችሁ ክትትል አትተዉ።

የአፍሪካ አድራሻ የያዙ ድርጅቶች ሮአን የሚፈጥሩት በአፍሪኒክ (የአፍሪካ የኢንተርኔት አድራሻ መዝጋቢ) የአባላት ገጽ ነው። ሲፈጥሩ የሚሳሳቱበት ቦታ ከፍተኛው የፕሪፊክስ ርዝመት ነው። /22ን እስከ /24 ብሎ መፍቀድ ለትራፊክ ምሕንድስና የሚመች ቢመስልም፣ አጭበርባሪ የእናንተን ኤኤስ ቁጥር በመነሻነት አስመስሎ እናንተ የማታስታውቁትን /24 ቢያስታውቅ ትክክል ተብሎ ያልፋል። በተቃራኒው /22 ብቻ ፈቅዳችሁ በችግር ቀን /24 ብታስታውቁ፣ ራሳችሁ ያወጣችሁት ሮአ ማስታወቂያችሁን ያስጥላል። የምታስታውቁትን ብቻ በትክክል መዝግቡ፤ አዲስ /24 ለማውጣት ስታስቡም ከሰዓታት በፊት ሮአውን አስቀድሙ።

እኛ ራሳችን የሌላ መንገድ እንዳናፈስ ምን እናድርግ?

ሁለት አቅራቢ ያለው ደንበኛ ዋናው አደጋው ከአንዱ የሰማውን ለሌላው መናገር ነው። ያኔ ትልቁ አቅራቢ የደንበኛን መንገድ ስለሚያስቀድም የዓለም ትራፊክ በእናንተ ትንሽ መስመር ለማለፍ ይሰለፋል። ጁን 24 ቀን 2019 በፔንስልቬንያ የሆነው ይኸው ነበር፤ አንድ አነስተኛ አቅራቢ ትራፊክ ለማመጣጠን በሚጠቀምበት ሶፍትዌር የሰነጠቃቸው ፕሪፊክሶች ሁለት አቅራቢ ባለው ደንበኛው በኩል ወደ ቬራይዘን አመለጡ፣ ቬራይዘንም ሳያጣራ ለዓለም አሰራጨ፣ ክላውድፍሌርን ጨምሮ ብዙ አገልግሎቶች ለሰዓታት ተጎዱ።

በመውጫው ላይ የራሳችሁን ፕሪፊክሶች በስም የሚዘረዝር፣ ሌላውን ሁሉ የሚከለክል ማጣሪያ አድርጉ። የኢንተርኔት ደረጃ ሰነድ የሆነው አርኤፍሲ 8212 ፖሊሲ ያልተጻፈለት የውጭ ቢጂፒ ግንኙነት ምንም እንዳይቀበልና እንዳያስታውቅ ያዛል፤ ራውተራችሁ ይህን የሚከተል መሆኑን ግን አረጋግጡ፣ ሁሉም አምራች አይከተልምና። አቅራቢውም ከእናንተ የሚቀበለው የፕሪፊክስ ብዛት ላይ ጣሪያ እንዲያደርግ ጠይቁ።

ሁለት አቅራቢ እያለን የባሕር ገመድ ሲቆረጥ ሁለቱም የሚዳከሙት ለምንድን ነው?

ሁለት ውል ሁለት መንገድ ማለት ስላልሆነ ነው። በፌብሩዋሪ 2024 በቀይ ባሕር ሲኮም፣ ኤኤኢ 1 እና ኢአይጂ የተባሉት ገመዶች በአንድ ወቅት ተጎዱ፤ በማርች አጋማሽ ደግሞ በምዕራብ አፍሪካ ዋክስ፣ ሜይንዋን፣ ኤስ እና ሳት 3 የተባሉት ገመዶች ኮትዲቯር አቅራቢያ ተበጠሱ። ወደብ የሌላት ኢትዮጵያ ወደ ባሕር ገመዶቹ የምትደርሰው በጎረቤቶቿ፣ በተለይም በጅቡቲ በኩል ነው፤ ከጅቡቲ ወደ አውሮፓ የሚሄደው ብዙው ትራፊክ ደግሞ ያንኑ ቀይ ባሕር ያቋርጣል። አቅራቢዎቻችሁን መጠየቅ ያለባችሁ «ምን ያህል ባንድዊድዝ አላችሁ» ብላችሁ ብቻ አይደለም፤ ድንበሩን የት እንደሚያቋርጡ፣ በየትኛው ገመድ እንደሚሄዱና መጠባበቂያው ስንት መቶኛውን መሸከም እንደሚችል ጠይቁ። ገመድ ሲቆረጥ ቢጂፒ በደቂቃዎች ውስጥ ሌላ መንገድ ያገኛል፤ ያ መንገድ ግን የሁሉንም ትራፊክ ለመሸከም የተሠራ ስላልሆነ ምሽት ላይ ይጨናነቃል። ቢጂፒ መጨናነቅን አያይም፤ መስመሩ እስካለ ድረስ መላኩን ይቀጥላል።

አንዱን መስመር ለጥገና ስናወርድ ደንበኛ እንዳይቋረጥ ምን ይደረጋል?

ገመዱን ከመንቀል በፊት ማስታወቂያውን በ65535:0 ኮሚውኒቲ አስታውቁ፤ በአርኤፍሲ 8326 የተደነገገው ይህ ምልክት ተቀባዩ መንገዱን የመጨረሻ ምርጫ እንዲያደርገው ይጠይቃል። የሚወጣውንም ሎካል ፕሪፈረንሱን ዜሮ አድርጋችሁ ትራፊኩ ወደ ሌላው ሲሸሽ በግራፍ ካያችሁ በኋላ ግንኙነቱን ዝጉ። ድንገተኛ ብልሽትን ቶሎ ለማወቅ ደግሞ ቢኤፍዲ (የጎረቤትን መኖር በአጭር ጊዜ ልዩነት የሚፈትሽ ስልት) ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ ራውተር ጎረቤቱ መሞቱን ለማወቅ እንደ አምራቹ 90 ወይም 180 ሰከንድ ሊጠብቅ ይችላል።

አቅራቢው «ከእኛ በኩል ችግር የለም» ቢለንስ?

ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው፤ ችግሩ ከእሱ ቀጥሎ ባለው ኔትወርክ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ለዚያ ኔትወርክ ደንበኛው እሱ እንጂ እናንተ ስላልሆናችሁ፣ ቅሬታውን የማስተላለፍ ኃላፊነት የእሱ ነው። ጥያቄውን እንዲህ አጥብቡት፦ ለፕሪፊክሳችን ከዚህ መድረሻ የሚመለሰው ትራፊክ በየትኛው ትራንዚት ወይም ፒር በኩል ይገባላችኋል፣ የዚያ ወደብ አጠቃቀም ችግሩ በታየበት ሰዓት ምን ያህል ነበር? ይህ በግራፍ ብቻ የሚመለስ ስለሆነ ለማድበስበስ አይመችም።

መልሱ እስኪመጣ ድረስ ያንን መድረሻ በሎካል ፕሪፈረንስ ወደ ሌላው አቅራቢ አዙሩት፤ መመለሻውንም በኮሚውኒቲ፣ ካልሆነም አንድ /24 በማዛወር አስለውጡ። ያደረጋችሁትን እያንዳንዱን ለውጥ ከነሰዓቱ በትኬቱ ላይ መዝግቡ፤ ብልሽቱ ሲጠገን ጊዜያዊዎቹን ፕሪፔንዶችና ስንጣቂ ፕሪፊክሶች በዚያ መዝገብ መሠረት አንድ በአንድ አንሡ፣ ሮአውንም ወደነበረበት መልሱ።